የሰባቱ ልጆች ሙሾ

ጋሪው ከኮልፌ ወጥቶ የጅማን መንገድ ሲይዝ ሼህ ሀያቱ በግራ እጃቸው የልጃቸውን ክንድ ጨበጡ። ቀኝ እጃቸው ባለፈው ክረምት ግማሽ ጎናቸው ከተመታ ወዲህ ጭናቸው ላይ እንደተጋደመ ነው፤ ሰው ካላነሣው አይነሣም። አልፊያ መንገጫገጩ ያስፈራቸው መስሏት ጠጋ አለችላቸው። ጉልበቷ ላይ አንድ ደብተር፣ ሁለት የተቀረጹ እርሳሶችና በጋዜጣ የተጠቀለለ ወረቀት ይዛለች።

«ጉታ፣ እባክህ ቀስ በል» አሉ ሼሁ።

ባለጋሪው ጉታ ልጓሙን ሳብ አደረገ። «ቀስ ብያለሁ ሼካችን። ከዚህ በላይ ቀስ ካልኩማ በእግር የሚሄደው ይቀድመናል።»

ጥር ከገባ አምስተኛ ቀኑ ነበር፤ ዘመኑም ሺህ ዘጠኝ መቶ ስድሳ አራት። የገብሱ አጨዳ አልቆ ከመንገዱ ግራና ቀኝ ገለባው ብቻ ቀርቷል። ከባሕር ዛፎቹ ወዲያ የከተማው ቆሻሻ ከሚደፋበት ሜዳ ቀጭን ጭስ ይነሣል። ጠዋቱ ብርድ ስለነበረ አልፊያ ከመነሣታቸው በፊት የአባቷን ጋቢ እስከ ጆሯቸው አጣፍታላቸው ነበር።

ሼህ ሀያቱ በኮልፌ የታወቁ መጽሐፍ ጠራዥ ናቸው። ቁርአን ሲያረጅ፣ ዳዊት ሲገነጠል፣ እስላሙም ክርስቲያኑም የሚመጣው ወደሳቸው ነው። ሙያቸው ይህ ይሁን እንጂ ልባቸው ያለው ሌላ ቦታ ነበር። በወጣትነታቸው ከጉራጌ አገር ተነሥተው፣ ስንቃቸውን በትከሻቸው አድርገው፣ ወሎ ውስጥ ቃሉ አውራጃ ድረስ ለትምህርት ሄደዋል። የተማሩበት መንደር ሾላ ሜዳ ይባላል። በዚያ መንደር በአንድ ዓመት ውስጥ፣ በሒጅራ አቆጣጠር በሺህ ሁለት መቶ ሠላሳ፣ በኛው በሺህ ስምንት መቶ ሰባት ዓመተ ምሕረት፣ ሦስት የግጥም ሥራዎች ተወልደው ነበር። ሊቃውንቱ ሁሉ በዐረብኛ በሚጽፉበት ዘመን ሦስቱም በአማርኛ ተገጠሙ። አንዱ የመንደሩ ሼህ ለገበሬው ሃይማኖቱን ያስተማሩበት ነው። ሁለተኛው መካ ድረስ በእግሩ ሄዶ በዚያው ዓመት የተመለሰ ሰው መንገዱን የተረከበት ነው። ሦስተኛው የሼሁ ሚስት ሙሾ ነው። በዚያ ዓመት ፈንጣጣ ገብቶ በአንድ ወር ውስጥ ሰባት ልጆቿን ወስዶባታል።

የወንዶቹ ሥራ በዐረብኛ ፊደል ተጽፎ ቆየ። የሴቲቱን ግን ማንም አልጻፈውም። ሴት ለሴት በአፍ እያስያዘች መቶ ሃምሳ ሰባት ዓመት ተሻገረ።

ሼህ ሀያቱ አርባ ዓመት ሙሉ ያሰቡት እነዚህን ሦስቱን በአንድ መጽሐፍ ማሳተም ነበር። «ያን ጊዜ አገሩ ሁሉ ጦር ሲመዝ አንዲት መንደር ተቀምጣ ትገጥም ነበር። ይህን ሰው ሊያውቀው ይገባል» ይሉ ነበር። አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የምታስተምረው አልፊያ ሁለቱን ሥራዎች ከዐረብኛው ፊደል ወደኛ ፊደል ስትገለብጥ አራት ዓመት ፈጀባት። የሳንሱሩ ማኅተም ተመታ። ቀራንዮ የሚኖሩት ፊደል ለቃሚው አቶ ጉልላት ደግሞ እርሳስ ፊደሉን አንድ በአንድ ደርድረው ከሦስት ቀን በፊት የእርማቱን ወረቀት ቤት ድረስ አመጡ።

«ሦስተኛው ካለ በአራት ቀን ውስጥ ይምጣልኝ» አሉ አቶ ጉልላት። «በአምስተኛው ቀን ማሽን ላይ ይወጣል። ማሽን ላይ ከወጣ በኋላ የኔ እጅ አይገባበትም።»

ያን ጊዜ ነው ሼህ ሀያቱ ሙሾውን የምታውቅ ሴት ዘነበወርቅ አለች ያሉት። አልፊያ ብዙ አልጠየቀችም። በዘነበወርቅ ሆስፒታል ዙሪያ ሥጋ ደዌ ይዟቸው ከየአገሩ የመጡ ሰዎች መንደር መሥርተው እንደሚኖሩ ታውቃለች። ከነሱ አንዷ ትሆናለች ብላ እርሳሷን ቀረጸች።

አሁን ጋሪው ላይ አባቷ ክንዷን አልለቀቁም።

«አልፊያ፣ ሴትዮዋ የሼህ አብደላ ልጅ ናት» አሏት።

«ያስተማሩዎት ሼህ አብደላ?»

«አዎ።»

ሼህ አብደላ የእናቷ አባት ነበሩ። ይህን ከልጅነቷ ጀምሮ ታውቃለች፤ አባቷ የመምህራቸውን ልጅ አግብተው ወደ አዲስ አበባ ይዘዋት እንደመጡ ስንት ጊዜ ሰምታለች።

«ሼህ አብደላ ከእናቴ ሌላ ሴት ልጅ ነበረቻቸው እንዴ?»

«አልነበረቻቸውም» አሉ ሼህ ሀያቱ።

ፈረሱ ትንሽ ሄደ። አልፊያ የአባቷን ፊት አየች። የተመታው ጎን እንደወትሮው ዝም ብሏል፤ በደህናው ጎን ግን እንባ ወርዶ ጢማቸው ውስጥ ገብቷል። ከዚህ በላይ ማስረዳት አላስፈለጋቸውም።

«ጉታ፣ አቁምልኝ» አለች።

ጋሪው ሳይቆም ወረደች። የመንገዱን ዳር ይዛ ፊት ፊት መሄድ ጀመረች። ጉታ ምን እንደተባለ ባይሰማም ነገሩ ቀላል እንዳልሆነ ገብቶት ፈረሱን በእርምጃዋ ልክ ከኋላዋ ይነዳ ነበር።

እናቷ ከቤት ስትወጣ አልፊያ ስድስት ዓመቷ ነበር። ልትታከም ሄደች፣ ትመለሳለች ተባለ። በየቀኑ በር ላይ እየወጣች መቼ ነው የምትመጣው እያለች ስትጠይቅ ሦስት ዓመት አለፈ። ከዚያ አንድ ቀን አባቷ አስቀምጠው እናትሽ ሞተች አሏት። በግ ታረደ፤ ሰደቃ ተበላ፤ የሰፈሩ ሴቶች እየሳሙ አለቀሱላት። አዲስ ጫማም ተገዛላት። ጫማው ደስ ስላላት ራሷን ጠልታ እንደነበር ታስታውሳለች። ከዚያ ጊዜ ጀምሮ በየጁምዓው ለእናቷ የሙት ዱዓ ታደርጋለች። እናቷ ደግሞ ይህን ያህል ዘመን በእግር ሁለት ሰዓት በማይሞላ መንገድ ላይ ነበረች።

ወደኋላ መመለስ አሰበች። እግሯ ግን ወደፊት ሄደ። ሆስፒታሉ አጠገብ ሲደርሱ ወደ ጋሪው ዞር ብላ፣ «ቤቱ የትኛው ነው?» ብላ ጠየቀች። ድምፅዋ ክፍል ውስጥ ለተማሪ የምትናገርበት ድምፅ ነበር።

«እኔም አላውቀውም» አሉ ሼህ ሀያቱ። «አጥሩ ጋ ደርሼ የተመለስኩባቸው ቀኖች አሉ። ከአጥሩ ግን አልፌ አላውቅም።»

ሲጠያይቁ እማማ ሰርኬ የሚባሉ አሮጊት ቤቱን አሳዩአቸው። እማማ ሰርኬ ከከፋ ለሕክምና መጥተው እዚያው የቀሩ ክርስቲያን ናቸው፤ አንድ እግራቸው የእንጨት ነው። አልፊያን ከላይ እስከ ታች ተመለከቷትና ምንም ሳይጠይቁ የቆርቆሮውን በር ገፋ አደረጉላት።

«ሰብሪያ» አሉ ወደ ውስጥ። «ሰው መጥቶልሻል።»

ሼህ ሀያቱ ጋሪው ላይ ቀሩ።

ቤቱ አንድ ክፍል ነበር። ሰብሪያ በመስኮቱ ብርሃን መደብ ላይ ተቀምጣለች። አልፊያ በዓይነ ልቡናዋ ይዛት ከኖረችው ወጣት ይልቅ አጭር ናት። በሽታው የግራ ዓይኗን ሽፋን አድክሞታል፤ ጣቶቿን አሳጥሯቸዋል፤ ከመኪና ጎማ የተሠራ ሰፊ ጫማ ተጫምታለች። ሐኪሞቹ ከዳነች ብዙ ዓመት እንደሆናት ነግረዋታል፤ በሽታዋ ወደ ማንም አይተላለፍም። ግን ከዳነች በኋላ የምትሄድበት ስላልነበራት እዚያው ቀርታለች።

የመጣችውን ሴት አየቻት። ለረጅም ጊዜ አየቻት። ከዚያ እጆቿን በነጠላዋ ስር ከተተች።

«ስሄድ የፊት ጥርስሽ ወልቆ ነበር» አለች። «ተስተካክሎ በቀለ።»

አልፊያ መደቡ ስር ተንበርክካ ነጠላውን ገለጠችና የተደበቁትን እጆች ያዘች። ሰብሪያ ልታሸሻቸው ሞክራ ተወች። እንዲህ እንደሆኑ ብዙ ቆዩ፤ እማማ ሰርኬም በሩን በቀስታ መለስ አድርገው ወጡ።

«እናትሽ አለች ብለው ነግረውሽ ነው የመጣሽው፣ ወይስ ለሌላ ጉዳይ?» አለች ሰብሪያ በመጨረሻ።

አልፊያ መዋሸት አልፈለገችም። «ለሙሾው ነበር። አንቺ መሆንሽን የነገሩኝ መንገድ ላይ ነው።»

«ለሙሾው» አለች ሰብሪያ። አልተቆጣችም። «አውቄ ነበር አንድ ቀን ለሙሾው ሰው እንደሚልኩ። ሁለቱን ይዘው ሦስተኛው ሲጎድል እንቅልፍ አይወስዳቸውም። እኔ እንኳ ሲጎድልባቸው...» ቃሉን አልጨረሰችውም። «እኔ ራሴ ነኝ አይንገሯት ያልኳቸው። ከልጅቷ ጋር የሚጫወት አይኖርም፣ የሚያገባትም አይኖርም አሉኝ። እውነታቸውን ነበር። አልመጣም ብዬ ማልኩ። እሳቸው ደግሞ ስታድግ እነግራታለሁ ብለው ማሉ። እኔ መሐላዬን ጠብቄያለሁ።»

ዓይኗ ወለሉ ላይ ወዳለው በጋዜጣ የተጠቀለለ ወረቀት ሄደ።

«እሱ ነው መጽሐፉ?»

«የእርማቱ ወረቀት ነው። ሁለቱ ሥራዎች አሉበት፤ መቅድሙም።»

«መቅድሙ ላይ ምን አሉ? አንብቢልኝ።»

አልፊያ የወረቀቱን ጥቅል ስትፈታ እጇ ዘገየ። መቅድሙን በቃሏ ታውቀዋለች፤ የጻፈችው ራሷ ናት፣ አባቷ እየነገሯት። እናቷ ግን እየጠበቀች ነበር።

«‹ይህን መጽሐፍ›» ብላ ጀመረች፣ «‹የሾላ ሜዳን ግጥም ፍቅር በልቤ ላሳደረችው፣ በሺህ ዘጠኝ መቶ አርባ ስድስት ዓመተ ምሕረት ወደ አኺራ ለሄደችው ለባለቤቴ፣ ለመርሑማ ሰብሪያ አብደላ መታሰቢያ አድርጌዋለሁ።›»

መርሑማ፣ ማለት ነፍሷን ይማር የተባለላት።

ውጪ የጉታ ፈረስ ሲያነጥስ ተሰማ።

«አርባ ስድስት» አለች። «ልክ ነው። አንዲት የኮልፌ ሴት በዚያው ዓመት ለሕክምና መጥታ እዚህ አጠገቤ አስተኟት። ከየት ነሽ ስትለኝ ነገርኳት። ደነገጠች። የሰደቃሽን ሥጋ በልቼ ነው የመጣሁት አለችኝ። ያን ቀን ቁጭ ብዬ ሙሾውን ለራሴ አወረድኩት፣ ከሰባቱም ልጆች ጋር። እናቴ ያስያዘችኝ ለልጅ ነበር። ለራሴ እንደሚሆን አላውቅም ነበር።»

በሩ ላይ ጥላ መጣ። ሼህ ሀያቱ በአንድ ወገን ከዘራቸውን፣ በአንድ ወገን የጉታን ትከሻ ተደግፈው ቆመዋል። ምን ያህሉን እንደሰሙ አይታወቅም። ጉታ ደጃፉ ላይ በርጩማ አስቀምጦላቸው ወደ ጋሪው ሄደ።

«ሰብሪያ» አሉ።

«እንደምን ኖሩ፣ ሼህ ሀያቱ» አለች። ከመደቡ አልተነሣችም። «እጅዎን ታመሙ?»

«ታመምኩ።»

«የትኛውን?»

«የሚጽፈውን።»

ራሷን ነቀነቀች፤ የእውነት ያዘነች ትመስል ነበር። ከዚያ እንዲህ አለች፦ «ሙሾውን ልስጥዎ። ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ይዤዋለሁ፤ አንድ ስንኝ አልጎደለም። ግን መቅድሙ ላይ አንዲት ቃል አለች። እሷን ያስወጡልኝ። መርሑማ የምትለዋን።»

ሼህ ሀያቱ ከዘራቸውን አዩ።

«አቶ ጉልላት እስከ ነገ ማታ ማውጣት ይችላሉ አባዬ» አለች አልፊያ። «አንድ ቃልና አንድ ዓመተ ምሕረት ናት።»

«ከአረፋ በኋላ ከጀማል ጋር ኒካህሽ ይታሰራል» አሉ ሼሁ። «የጀማል ቤተሰብ ይህን ቢሰማ ምን እንደሚል ታውቂያለሽ። ኒካሁ ይለፍ። መጽሐፉ ሁለተኛ ሲታተም እኔው ራሴ አወጣታለሁ።»

«ሁለተኛ ሲታተም» አለች ሰብሪያ ቀስ ብላ። «ስሄድ ደግሞ ልጅቷ ስታድግ ብለውኝ ነበር።»

«ለኔ ብለው ከሆነ ይተዉት» አለች አልፊያ። «ጀማል ዘንድ ራሴ ሄጄ እናቴ በሕይወት አለች እላለሁ። ከዚያ የሚሆነው ይሁን።»

ሼህ ሀያቱ ከዘራቸውን ወደ ጉልበታቸው አስጠጉ። አልፊያ አባቷ ቆርጠው እሺ የሚሉ መስሏት ተስፋ አድርጋ ነበር።

«ላንቺ ብቻ አይደለም» አሉ። «ሰዉ ሰደቃዋን በልቷል። የኮልፌ ሰው ሁሉ ቤቴ መጥቶ ዱዓ አድርጓል፤ ኢማሙ አልቅሰዋል። እኔ መጽሐፍ የምጠርዝ፣ ቃል የማርም ሰው ነኝ። እንዴት ብዬ በነዚያ ሰዎች ፊት እቆማለሁ?» ወደ ሚስታቸው ዞሩ። «አልችልም ሰብሪያ። ብዙ ጊዜ ሞክሬ ነበር። አልቻልኩም።»

ሰብሪያ አየቻቸው። አልፊያ በኋላ ዘመን ይህን አስተያየት ስታስታውስ ቁጣ ቢሆን ይሻል ነበር ትል ነበር። እናቷ አባቷ ያሉትን አምና ነበር፤ በእውነት እንደማይችሉ ገብቷት ነበር።

«እንግዲያ መጽሐፉ ያለኔ ይውጣ» አለች። «የሞተች ሴት ሙሾ አታወርድም።»

«አርባ ዓመት የለፋሁበት ነው።»

«አውቃለሁ። ጠዋት ጠዋት ቀለም የምበጠብጥልዎ እኔ አልነበርኩም?»

ሼህ ሀያቱ ከበርጩማው ሊነሡ ሲሞክሩ አቃታቸው። አልፊያ ተነሥታ ደገፈቻቸው፤ እስከ ጋሪው ወሰደቻቸው፤ ጋቢያቸውን እንደገና አጣፋችላቸው። እሳቸው ቦታ ለቀቁላት። እሷ ግን አልወጣችም።

«ጉታ፣ አባቴን ቤት አድርስልኝ። ከጋሪው ስታወርዳቸው በቀኝ በኩል ያዛቸው።»

«አንቺስ?» አሉ አባቷ።

«እኔ እመጣለሁ። ዛሬ ግን አላውቅም መቼ።»

ተመልሳ ስትገባ ደብተሯን አንሥታ ነበር። ሰብሪያ በዓይኗ ከለከለቻት።

«አትጻፊው። ከጻፍሽው መጽሐፍ ይሆናል፣ መጽሐፍ ከሆነ ደግሞ ወደሳቸው ይሄዳል። እኔ ከእናቴ አፍ ነው የተቀበልኩት። አንቺም እንደዚያው ያዢው።»

ከዚያም ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ጀመረች። ዜማው ከወሎ ከመውጣቷ በፊት የነበረው ዜማ ነው፤ ድምፁ ግን ያረጀ ነበር።

«ሰባት መኝታ ነበር፣ ሰባት ትንሽ ቁርበት፣
አንዱን አጥፌ ሳየው ስድስቱ ታጠፉበት።

ጎረቤት አትምጪ፣ ደጄ አይረገጥም፣
ያልተቀበረ እንጂ ያልሞተ የለኝም።

ስማቸውን ልጥራ፣ ቢሰሙኝ ባይሰሙም፣
አፌ ለምዶ ቀርቷል፣ ልጆቼ ባይመጡም።»

ይህ መግቢያው ነበር። ከዚህ በኋላ ሰባቱ ልጆች ከታላቁ ጀምሮ እያንዳንዳቸው በስማቸው ይመጣሉ፤ እያንዳንዱ ልጅ ሠላሳ ሠላሳ ስንኝ አለው።

በዚያው ሳምንት አልፊያ የጀማል እናት ዘንድ ሄደች። እናቴ አልሞተችም፣ ዘነበወርቅ ናት፣ ሥጋ ደዌ ይዟት ድናለች አለቻቸው። ሴትዮዋ በትሕትና ሰሙአት፤ ደጅ ድረስም ሸኙአት። ከአረፋ በፊት ሽማግሌዎቹ መጥተው ኒካሁ ለጊዜው ይቆይ አሉ። ለጊዜው የተባለው ለዘለዓለም ሆነ። ጀማል ራሱ አንድ ቀን መንገድ ላይ አግኝቷት ቆሞ ጫማውን ሲያይ ቆየና ምንም ሳይላት አለፈ። አልፊያ ቤቷ ገብታ አለቀሰች፤ ግን ያለቀሰችው ካሰበችው ያነሰ ነበር።

መጽሐፉ መጋቢት ላይ ታተመ። ሁለት ሥራዎች ያሉበት፣ ሰማያዊ ሽፋን ያለው ስስ መጽሐፍ ነው። መቅድሙ እንዳለ ወጣ። የኮልፌ ሰዎች አደነቁት፤ ሼህ ሀያቱን አንገታቸውን አቅፈው ሳሟቸው። እሳቸው ግን አንዱንም ቅጂ ከፍተው አላነበቡም። በታተመው መጽሐፍ ላይ አንድም ቀን ዓይናቸውን ሲያሳርፉ አልፊያ አላየችም።

ቅዳሜ ቅዳሜ ዘነበወርቅ ትሄዳለች። በመጀመሪያው ወር ታላቁን ልጅ ሙሄን ያዘች። አንድም ስንኝ ሳትስት ስታወርደው ሰብሪያ ራሷን ነቀነቀች።

«ግጥሙን ይዘሽዋል። ልጁን ግን አልያዝሽውም። እንደገና ከመጀመሪያው።»

ስለዚህ ነገሩ አዝጋሚ ነበር። ሰብሪያ አንዱ ልጅ በደንብ ሳይለቀስለት ወደ ቀጣዩ አትሄድም። ከሙሄ ቀጥሎ ከድጃ መጣች፤ ውኃ ስትቀዳ የዘፈነች፣ እንስራዋን ሰብራ የተገረፈች፣ በማግሥቱ ትኩሳት የያዛት። ከዚያ ይማም። ከዚያ ገና ጡት ያልጣለ ወንድሟን አዝላ የሞተችው ሐዋ። በመካከሉ ሌላ ነገር ያወሩ ነበር፤ ስለ ትምህርት ቤት፣ ስለ ሾላ ሜዳ፣ አልፊያ ልጅ ሆና ስለምትፈራው ዶሮ። ሰብሪያ የልጇን ፀጉር በእነዚያ ባጠሩ ጣቶቿ ልትጎነጉን ትሞክርና ሲፈታ ሁለቱም ይስቁ ነበር። አንዳንዱ ቅዳሜ ሙሾው ጭራሽ ሳይነሣ ያልፋል። ጊዜ ያለ መስሏቸው ነበር።

ሐምሌ መጨረሻ ላይ ሼህ ሀያቱን በሽታው ሁለተኛ ጊዜ መታቸው። በዚህኛው ምላሳቸውን ያዘው። አልፊያ ከአልጋቸው አጠገብ ሳትለይ በማንኪያ አጎረሰቻቸው፤ ገላበጠቻቸው፤ አጠበቻቸው። ሁለት ቅዳሜ አመለጣት። በሦስተኛው ሳምንት ረቡዕ ቀን መድኃኒት ልትገዛ ወጥታ ስትመለስ አባቷን እንዲያ ሆነው አይታቸው አታውቅም። በግራ እጃቸው አልጋውን ይደበድባሉ፤ ዓይናቸው በእንባ ሞልቷል፤ ከጉሮሯቸው ቃል የማይሆን ድምፅ ይወጣል። ሕመም የበረታባቸው መሰላት። ውኃ ሰጠቻቸው፤ አልጠጡም። ትራሳቸውን አስተካከለችላቸው፤ እጇን ይዘው ወደ በሩ ገፏት። አልገባትም። እስኪደክማቸው ድረስ ሲታገሉ ደረታቸውን እያሸች አባበለቻቸው።

ቅዳሜ ዕለት አንዲት ጎረቤት አባቷ ዘንድ አስቀምጣ በጭቃው ዘነበወርቅ ሄደች። እማማ ሰርኬ በሩ ላይ ተቀምጠው ነበር። እንዳዩአት ፊታቸውን በነጠላቸው ሸፈኑ።

«ሳንባዋን ብርድ መታት» አሉ። «ሦስት ቀን ነው የታመመችው። ረቡዕ ጠዋት ስትብስ ባለጋሪውን ጉታን ወደናንተ ላክሁት። ቤት አላገኘሽም፤ ለአባትሽ ነገርኳቸው፣ ራሳቸውን ነቅንቀው እሺ ብለውኛል አለ። አንቺን ስትጠብቅ ውላ ማታ አረፈች። ሐሙስ ረፋድ ላይ ነው የቀበርናት።»

አልፊያ የአባቷን እጅ አስታወሰች፤ ወደ በሩ የገፋትን። ጉታ ምላሳቸው መያዙን አያውቅም ነበር፤ እሳቸውም መልእክቱን ተቀብለው፣ ሙሉ ቀን ይዘው፣ ሊያደርሱት አልቻሉም።

መርሑማ የምትለዋ ቃል ከታተመች በአምስተኛው ወር እውነት ሆነች።

እማማ ሰርኬ ወደ ቤቱ አስገቧት። መደቡ ላይ ተቀምጣ ብዙ ቆየች። ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲመታ ቆይቶ አባራ።

«እማማ ሰርኬ» አለች። «እኔ የያዝኩት አራቱን ልጆች ነው። ሐዋ ላይ ነው የቆምነው። የቀሩትን ሦስቱን ያውቋቸዋል?»

«በየቀኑ እሰማት ነበር» አሉ እማማ ሰርኬ። «አሥራ ስምንት ዓመት በዚህ ግድግዳ በኩል ሰምቻታለሁ። ግን ልጄ፣ እኔ አገሬ ሌላ ነው፤ ቋንቋውንም እዚህ ነው የተማርኩት። ዜማውን እንጂ ቃሉን አልያዝኩም። የሦስቱን ስም አላውቅም።»

አልፊያ ዓይኗን ጨፈነች።

«መጨረሻውን ግን አውቃለሁ» አሉ አሮጊቷ ትንሽ ቆይተው። «ሰባቱ ካለቁ በኋላ ሙሾውን የያዘች ሴት ሁሉ የራሷን ልጅ ትጨምርበታለች ትለኝ ነበር። እሷም ትጨምር ነበር። ሁልጊዜ መጨረሻ ላይ አልፊያ ትላለች። ከስምሽ በፊት ሁለት ስንኝ ያህል አለ።»

«ምን ይላል?»

እማማ ሰርኬ አሰቡ። ከንፈራቸው ተንቀሳቀሰ፤ አንድ ጊዜ ያገኙት መስሏቸው ጀመሩ፣ ተዉት። ደግመው ሞከሩ። ከዚያ እጃቸውን አልፊያ ጉልበት ላይ አድርገው፣ ቃል ሳይኖረው፣ ዜማውን ብቻ አንጎራጎሩላት። አልፊያ እስከ መጨረሻው ድረስ አዳመጠች። ስሟ የሚገባበት ቦታ ሲደርስ እማማ ሰርኬ ቆም ብለው ጠሯት፤ እሷም «አቤት» አለች።